ሰማይ አይታረስ፣ ንጉስ አይከሰስ? የአሜሪካ ህገ መንግስት በአክስቴ የፈተና ካርድ

አክስቴ ለሲትዝንሺፕ ፈተና እየተዘጋጁ ነው፣ ማታ ማታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ዕድሜያቸው ከ55 አልፏል፣ ግሪን ካርድ ከያዙም ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ስለዚህ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸውና የታሪኩንና የመንግስት አሰራሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ መመለስ ይችላሉ (ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ወላጅ ያላችሁ ልብ በሉ)። አዲሱ ፈተና 128 ጥያቄ ነው የሚጠናው፣ ኦፊሰሩ እስከ 20 ይጠይቃል፣ 12 የመለሰ አለፈ።

ባለፈው ሳምንት የህግ የበላይነት ምንድነው የሚለው ካርድ ላይ ደረስን። መልሱ አጭር ነው፣ ማንም ከህግ በላይ አይደለም፣ መሪዎችም መንግስትም ህግ ያከብራሉ። አክስቴ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። "ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ሰው፣ አሁን በስተርጅና ንጉስ ይከሰሳል ብዬ ልማል?"

እውነታቸውን ነው እኮ። ከዛ ቀን ጀምሮ ካርዶቹን ሁሉ በዚህ ተረት ነው የማስረዳቸው፣ የአሜሪካ ህገ መንግስት ማለት ሰማይ ለማረስ የተደረገ ሙከራ ነው እላቸዋለሁ። ታረሰ ወይ ካላችሁኝ ከፊሉ ታርሷል ከፊሉ ጦም አድሯል። ለእሳቸው ያስረዳሁትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዝልኝ። ሰዎቹ በ1776 ከእንግሊዝ ንጉስ ተላቀናል ብለው ካወጁ በኋላ ንጉስ የሚመስል ነገር ሁሉ ስላስፈራቸው የመጀመሪያውን መንግስታቸውን የሰሩት አቅም አሳጥተው ነው። 13ቱ ስቴቶች 13 ትንንሽ ሀገር ማለት ነበሩ፣ ኮንግረስ የሚባል አለ ግን ታክስ መሰብሰብ አይችልም፣ ብር ሲፈልግ ስቴቶቹን ይለምናል፣ እነሱም ደስ ሲላቸው ይሰጣሉ ሳይላቸው ዝም ነው። ፕሬዚዳንት እንደዛሬው የለም፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ1786 ማሳቹሴትስ ውስጥ በዕዳና በታክስ የተማረሩ ገበሬዎች፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ዳንኤል ሼይስ የሚባል የነጻነት ጦርነቱ ካፒቴን ነበር፣ መሬታችን አይወረስም ብለው ፍርድ ቤቶችን እየከበቡ ማዘጋት ጀመሩ። ኮንግረስ ምን አደረገ? ምንም፣ ጦር የሚያወጣበት ገንዘብ የለውማ። አመጹ የቆመው የቦስተን ነጋዴዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ሚሊሻ አሰልፈው ነው።

በዚህ ደንግጠው ነው በ1787 ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ፊላዴልፊያ የተሰበሰቡት። 55 ሰው፣ ወሬ እንዳይወጣ መስኮቱን ዘግተው፣ በዛ ሙቀት። ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አልላከችም፣ መጨረሻ ላይ 39ኙ ፈረሙ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር ማለት ይቻላል፣ ሀገር ማስተዳደር የሚችል ግን ንጉስ የማይሆን መንግስት እንዴት ነው የሚሰራው? ደግ መሪ ይስጠን ብለው አልተቀመጡም፣ ስልጣኑን ቆራርሰው አንዱ የሌላውን እጅ እንዲይዝ አድርገው አከፋፈሉት። ብዙ ሰው አሜሪካ ውስጥ ነገር ሁሉ ለምን በጭቅጭቅና በክስ እንደሚሄድ ይገርመዋል፣ ሲሰራም እንዲጨቃጨቅ ተደርጎ ነው የተሰራው።

ለአክስቴ ለማስረዳት ከሁሉም የከበደኝ መንግስት አንድ አለመሆኑ ነው። አማርኛችን ራሱ እዚህ ጋ ያሳስተናል፣ መንግስት ስንል ከቀበሌ እስከ ቤተ መንግስት አንድ ገመድ ነው የሚታየን። አክስቴ የቆሻሻ መኪናው አንድ ቀን ሲያረፍድ "ይሄ መንግስት ደግሞ ምን ነካው" ይላሉ፣ ትራምፕን ማለታቸው ነው። እትዬ፣ ቆሻሻው የካውንቲው ነው፣ ዋይት ሀውስ አያውቀውም ብላቸው "ታዲያ ከሱ በታች አይደለም እንዴ?" አሉኝ። አይደለም! ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የቨርጂኒያ ገዢ የፕሬዚዳንቱ ሰራተኛ አይደለም፣ ፕሬዚዳንቱ ሊሾመውም ሊሽረውም አይችልም፣ ስልጣኑን ያገኘው ከስቴቱ ህዝብ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጣችሁ ስቴቱ ነው፣ ለዛ ነው ቨርጂኒያ ዲኤምቪ ሜሪላንድ ደግሞ ኤምቪኤ የምትሉት። የጋብቻና የፍቺ ህግ የስቴት ነው፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የአካባቢው ቦርድ ነው፣ ፓስፖርት ግን የፌዴራል።

ፌዴራሉ የሚችለው ህገ መንግስቱ የሰጠውን ብቻ ነው ተብሎ ነው የተጀመረው። አንቀጽ 1 ክፍል 8ን ብታነቡት የስራ ዝርዝር ነው የሚመስለው፣ ገንዘብ ማውጣት፣ ጦርነት ማወጅ፣ ፖስታ ቤት፣ በስቴቶች መካከል ያለ ንግድ እያለ ይቀጥላል። የአክስቴ ፈተና ራሱ እዛ ውስጥ አለ፣ የዜግነት አሰጣጥ ደንብ በመላ ሀገሪቱ አንድ ይሁን ይላል፣ ለዛ ነው ቴክሳስም ሲያትልም ያለ ሀበሻ አንድ አይነት ፈተና የሚፈተነው። ለፌዴራል ያልተሰጠውና ስቴት ያልተከለከለው ደግሞ ለስቴቶች ወይም ለህዝቡ ይቀራል ይላል በ1791 የገባው 10ኛው ማሻሻያ። በተግባር ፌዴራሉ በዛች "በስቴቶች መካከል ንግድ" በምትል ሀረግ ገብቶ ብዙ ነገር ነው የጠቀለለው፣ እሱ ሌላ ሙግት ነው።

ይሄ የሁለት መንግስት ነገር ኑሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ማሪዋና በአደባባይ ሱቅ መግዛት ይችላል፣ ፖሊስ አይነካውም። በፌዴራል ህግ ግን አሁንም ክልክል ነው። ኢሚግሬሽን ደግሞ የፌዴራል ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ የያዘ ልጅ እዛ ሱቅ ውስጥ በህጋዊ መንገድ ተቀጥሮ፣ ታክሱን ከፍሎ፣ ሲትዝንሺፕ ሲያመለክት "መልካም ስነ ምግባር የለህም" ሊባል ይችላል። ስቴቱ ፈቅዶልኛል ቢል አይሰማም፣ ሁለቱ ህጎች ከተጋጩ የፌዴራሉ ይበልጣል የሚል አንቀጽ 6 ላይ አለ። ወጣቶች እባካችሁ ይቺን አስቡባት።

በሌላ በኩል ደግሞ ፌዴራሉ የስቴትን ሰራተኛ ጠርቶ ይሄን ስራልኝ ብሎ ማዘዝ አይችልም። በ1990ዎቹ ኮንግረስ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ይጣራ ብሎ ህግ አወጣ፣ ማጣራቱን ለጊዜው የየአካባቢው ፖሊስ አዛዦች ይስሩት አለ። የሞንታናው ሸሪፍ ጄይ ፕሪንትዝ እኔ የካውንቲዬ ሰው ነኝ እንጂ የዋሽንግተን ተላላኪ አይደለሁም ብሎ ከሰሰ፣ ሱፕሪም ኮርት (የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት) በ1997 በ5 ለ4 ለሱ ፈረደለት። አሁን በኢሚግሬሽን ጉዳይ አንዳንድ ከተማና ካውንቲ አንተባበርም ሲሉ የምትሰሙት ሙግት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። መሳሪያ የሚወዱ ሰዎች የረዱት ፍርድ ለስደተኛ ለሚከላከሉ ከተሞች መከላከያ ሆነ፣ ህግ እንዲህ ነው።

ሶስቱን ክንፎች ቶሎ ልለፋቸው፣ እነሱን ሁሉም ያውቃቸዋል። ኮንግረስ ህግ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንቱ ያስፈጽማል፣ ፍርድ ቤት ይተረጉማል። ፕሬዚዳንቱ ህጉን አልቀበልም ብሎ ቪቶ ማድረግ ይችላል፣ ኮንግረስ ደግሞ በሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሶስተኛ ካገኘ ቪቶውን ይሽረዋል። ኢምፒች ማድረግ ማባረር አይደለም፣ መክሰስ ነው፣ የሚያባርረው ሴኔቱ ነው በሁለት ሶስተኛ ድምጽ፣ እስካሁን አንድም ፕሬዚዳንት በዚህ አልተባረረም፤ አንድሩ ጆንሰን በ1868 በአንድ ድምጽ ነው የተረፈው። ጦርነት የሚያውጀው ኮንግረስ ነው፣ በይፋ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጀው በ1942 ነው፣ ከዛ ወዲህ ስንት ጦርነት እንደተካሄደ እናንተም ታውቃላችሁ። በሴኔት 39 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያላት ካሊፎርኒያም 600 ሺህ የማይሞላ ያላት ዋዮሚንግም ሁለት ሁለት ወንበር ነው ያላቸው፣ ከዋዮሚንግ የሚበልጥ ህዝብ ያላት የኛዋ ዲሲ ግን ስቴት ስላልሆነች ዜሮ። የዲሲ ታርጋ ላይ "ያለ ውክልና ታክስ ይቁም" የሚል ጽሁፍ አይታችሁ ካልገባችሁ ቅሬታው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሚጣፍጠው እንምጣ። ፍርድ ቤት የኮንግረስን ህግ ይሄ ህገ መንግስቱን ይጻረራል ብሎ መሻር እንደሚችል ህገ መንግስቱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነገር የለም። ብትፈልጉ አታገኙትም። ከየት መጣ ካላችሁ ካልደረሰ ደብዳቤ።

ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በምርጫ በጀፈርሰን ይሸነፍና በ1801 ከመውረዱ በፊት በመጨረሻዋ ሰዓት የራሱን ሰዎች ዳኛ አድርጎ ይሾማል። የሹመት ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማህተም ተመታ፣ ግን ጥድፊያ ስለነበር አንዳንዱ ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀረ። ካልደረሳቸው አንዱ ዊሊያም ማርበሪ ነው። አዲሱ ሰውዬ ጀፈርሰን ደብዳቤው እንዳይሰጥ አለ፣ ማርበሪም የጀፈርሰንን ሚኒስትር ማዲሰንን በቀጥታ ሱፕሪም ኮርት ከሰሰ። ዋና ዳኛው ማን ነበር? ጆን ማርሻል። ማህተሙን መትቶ ሳያደርስ የቀረው የአዳምስ ሚኒስትርስ? እሱም ጆን ማርሻል! ዛሬ ቢሆን ኖሮ ከችሎቱ ተነሳ በተባለ ነበር።

ማርሻል ጣጣ ውስጥ ገባ። ስጡት ብሎ ቢያዝ ጀፈርሰን እንቢ ይላል፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ፖሊስም የለው ጦርም የለው፣ ይዋረዳል። አይገባውም ቢል ፈራ ይባላል። በ1803 ምን ብሎ ፈረደ፣ ማርበሪ ደብዳቤው ይገባዋል፣ መከልከሉም ህገ ወጥ ነው፣ ነገር ግን ጉዳዩን በቀጥታ እኛ ጋ አምጡ የሚለው የኮንግረስ ህግ ራሱ ህገ መንግስቱን ስለሚጻረር ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ማዘዝ አልችልም። አያችሁት? ጀፈርሰን አሸነፈ፣ እንቢ የሚለው ነገር ግን አልተሰጠውም። ፍርድ ቤቱ ትንሿን ስልጣን አልፈልግም ብሎ ትልቋን ወሰደ፣ ህግ የመሻሯን። (በኛ የ1987 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1995፣ ህገ መንግስት ይሄ ስራ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ማለትም የፖለቲካ አካል ነው የሚተረጉመው፣ የሁለቱ ሀገር ትልቁ ልዩነት አንዱ ይሄ ይመስለኛል።)

ስልጣኑ ሁልጊዜ ለበጎ ዋለ እንዳትሉ። ሱፕሪም ኮርት ለሁለተኛ ጊዜ የኮንግረስን ህግ የሻረው በ1857 ነው፣ ነጻነቱን ለማግኘት በከሰሰው በባሪያው በድሬድ ስኮት ጉዳይ፣ በዛው ፍርድ ጥቁር ሰው ባሪያም ይሁን ነጻ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። መጀመሪያ የተጻፈው ህገ መንግስት ላይ ባሪያ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፣ አፍረው ነው መሰለኝ "ሌሎች ሰዎች" እያሉ ነው ያለፉት፣ ነገር ግን የምክር ቤት ወንበር ሲከፋፈል ባሪያው ሶስት አምስተኛ ሰው ሆኖ እንዲቆጠር ተስማምተዋል፣ ድምጹ ግን የጌታው ነው። ያንን ለማስተካከል ፍርድ ቤት አልበቃም፣ የእርስ በርስ ጦርነት ፈጅቶ ነው በ1868 14ኛው ማሻሻያ የገባው።

14ኛውን ስደተኛ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እዚህ ተወልዶ በህጓ ስር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው ካለ በኋላ ቃል ይቀይራል፣ ማንኛውም "ሰው" ያለ ተገቢ የህግ ሂደት ህይወቱ፣ ነጻነቱ፣ ንብረቱ አይወሰድም፣ እኩል የህግ ጥበቃም አይነፈግም። ሰው ነው ያለው፣ ዜጋ አላለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይክ ዎ በሚል ስም በመዝገብ የሰፈረ ቻይናዊ ላውንደሪ ቤት ነበረው፣ ዜጋ አይደለም። ከተማዋ በእንጨት ቤት ላውንደሪ የሚሰራ ፈቃድ ያውጣ አለች፣ ወረቀቱ ላይ ዘር የሚል የለም። 200 ያህል ቻይናውያን አመለከቱ፣ ሁሉም ተከለከሉ፣ ቻይናዊ ያልሆኑት 80 ገደማ ግን አንድ ሰው ሲቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። በ1886 ሱፕሪም ኮርት ሰውዬው ዜጋ ባይሆንም ሰው ነው፣ ህጉ ሲያዩት ንጹህ ቢመስልም አፈጻጸሙ በክፉ ዓይን ነው ብሎ በሙሉ ድምጽ ፈረደለት። አክስቴ እቺን ታሪክ ሁለቴ አስደገሙኝ፣ ፈተና ላይ አትመጣም እያልኳቸው።

እሺ፣ ንጉሱስ?

በ1952 የኮሪያ ጦርነት ላይ ፕሬዚዳንት ትሩማን የብረታ ብረት ሰራተኞች ስትራይክ ሊመቱ ሲሉ ፋብሪካዎቹን በትዕዛዝ ወረሰ፣ ጦርነት ላይ ነን ብሎ። ዘጠኙም ዳኞች በሱ ወይም ከሱ በፊት በነበረው በሩዝቬልት፣ ያው በራሱ ፓርቲ ሰዎች፣ የተሾሙ ናቸው። በ6 ለ3 አይቻልም አሉት፣ እሱ ራሱ ከሾማቸው አራቱ ሁለቱ ጭምር። ትሩማን ምን አለ? ፋብሪካዎቹን በዛው ቀን መለሰ።

1974 ደግሞ አለ። ኒክሰን ቢሮው ውስጥ የተቀዳውን ቴፕ ለፍርድ ቤት አልሰጥም አለ፣ እኔ ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ። ጁላይ 24 ቀን 8 ለ0 ስጥ ተባለ፣ ውሳኔውን የጻፈው ኒክሰን ራሱ የሾመው ዋና ዳኛ በርገር ነው። ሰጠ፣ በ16ኛው ቀን ስልጣን ለቀቀ፣ ሄሊኮፕተር ተሳፍሮ እጁን እያውለበለበ ሄደ።

እዚህ ጋ ስደርስ አክስቴ አቋረጡኝ። "1974 በኛ ስንት ነው?" 1966 መጨረሻ፣ ነሐሴ ላይ አልኳቸው። ዝም አሉ። ኒክሰን ከሄደ በ34ኛው ቀን ነው መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ጃንሆይን ከቤተ መንግስት ያወጣቸው። "ልጅ ነበርኩ" አሉኝ፣ "በቮልስ ወሰዷቸው ሲባል እናቴ አላመነችም፣ በቮልስ? በቮልስ? እያለች ስትደጋግም ትዝ ይለኛል።" ጃንሆይ ፍርድ ቤት አልቀረቡም፣ ክስ አልተመሰረተባቸውም፣ ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ 60 ያህል ባለስልጣናት ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ተረታችን እኮ ንጉስ አይወርድም አይልም፣ አይከሰስም ነው የሚለው፣ ሳይከሰስም ወርዷል። እዚህ ደግሞ ስምንት ሽማግሌዎች በፈረሙበት ወረቀት ነው ነገሩ ያለቀው፣ ኒክሰንም ቢሆን አልታሰረም፣ ተከታዩ ፎርድ ክስ ሳይመሰረትበት ምህረት አደረገለት።

ታዲያ ሰማዩ ታርሶ አለቀ እንዳትሉ ጁላይ 1 ቀን 2024 ሱፕሪም ኮርት በ6 ለ3 ሌላ ነገር ወሰነ። ፕሬዚዳንት ህገ መንግስቱ ለሱ ብቻ በሰጠው ስልጣን ለሰራው በወንጀል አይከሰስም፣ በሌላውም የስራ ተግባሩ ቢያንስ እንደማይከሰስ ይገመታል፣ በግል ለሰራው ግን ይከሰሳል። ዳኛ ሶቶማዮር በተቃውሞዋ ፕሬዚዳንቱ አሁን ከህግ በላይ የሆነ ንጉስ ሆኗል ብላ ጻፈች። ንጉስ የሚለውን ቃል ለአክስቴ ሳነብላቸው "እንግዲህ እኔ ምን አልኩሽ" ብለው ካርዱን ገለበጡት። ለፈተናው ግን መልሱ ያው ነው አልኳቸው፣ ማንም ከህግ በላይ አይደለም በሉ፣ ኦፊሰሩ ጋር አይከራከሩ።

ትላንት ማታ የዜጋ ብቻ የሆኑ ነገሮች የተዘረዘሩበት ካርድ ላይ ነበርን። መምረጥ፣ ከዛ ጁሪ። ጁሪ ምንድነው አሉ። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኋቸው፣ ካውንቲው እኔን በሚቀጥለው ወር ቅረቢ ብሎ የላከውን። እሳቸው ለካ ተከስሼ መስሏቸው ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠይቁኝ ሲጨነቁ ነው የከረሙት! ዳኛ ሳይሆን ከመንገድ የተጠራ ሰው ነው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው፣ ሹፌርም ነርስም ይሁን ስሙ ከወጣ ይጠራል ብዬ አስረዳኋቸው። በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ 12 እንደዚህ አይነት ሰዎች ተቀምጠው በወቅቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበረውን ትራምፕን በ34 ክስ ጥፋተኛ አሉት፣ የስቴት ፍርድ ቤት ስለሆነ የፕሬዚዳንት ምህረት እንኳ አይነካውም። ከዛ ሰውዬው ተመልሶ ተመረጠ፣ ዳኛውም በጃንዋሪ 2025 ጥፋተኝነቱን መዝግቦ ያለ ምንም ቅጣት አሰናበተው።

"እና እነዛ 12 ሰዎች ሲገቡ ንጉሱ ተቀምጦ ነው የሚያያቸው?" አሉኝ።

ይቆማል እትዬ አልኳቸው፣ ጁሪ ሲገባ ተከሳሹም ጠበቃውም ብድግ ይላል፣ ልማዱ ነው።

መነጽራቸውን አደረጉ። "ቀጥይ፣ የሚቀጥለውን ጠይቂኝ።"